ወረቀቱ ነው የተናገረው ወይስ ሐኪሙ? የጨቅላ ሕፃን የሆርሞን ልየታ ውጤት ኮድ አመራረጥ

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ለሚሠራ ሰው ስለ ብርዱ ማስረዳት አያስፈልግም። ጋቢ ይደርባል፣ በላዩ የመንዝ ባና ይጥላል፣ ጣቶቹን ብቻ አውጥቶ ኪቦርድ ይነካካል። በምሥራቅ አሜሪካ ክሊኒክ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲከፈት እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። የሜዲካል ኮዲንግ ሥራችን (የታካሚን ቻርት ማለትም መዝገብ አንብቦ ለኢንሹራንስ ወደ ኮድ መቀየር) የሚደራው ውርጩ ሲጀምር ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን አለማምዳለሁ። ባለፈው ከመሐል ሜዳ የመጣች ተማሪዬ ስም የተፋቀለት የመለማመጃ ቻርት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሕፃኑ የ6 ቀን ልጅ ነው። ለልየታ (በሽታን ቀድሞ ለማሰስ) ከተረከዙ ተወስዶ ወረቀት ላይ በደረቀው ደም ቲኤስኤች (የአንገቱን የታይሮይድ ዕጢ የሚያዘው ሆርሞን) ከፍ ብሏል። ሐኪሙ እንዲህ ጽፏል፦ «የልየታ ውጤቱ ከመደበኛው ውጭ ነው፤ ከልደት የመጣ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ከደም ሥር ደም ተወስዶ ይረጋገጥ።»

«ጋሼ፣ ሆርሞኑ ተዛብቷል ተብሎ ተጽፎ የለ? በሽታውን ጽፌ ብገላገልስ?» አለችኝ።

«አንቺ፣ የተናገረው ማን ነው? ሐኪሙ ነው ወይስ ወረቀቱ?» አልኳት።

ይህ ጥያቄ ነው ከታች ያሉትን ኮዶች በሙሉ የሚለያቸው። ወረቀቱ ብቻ ከተናገረ ኮዱ ሌላ ነው። ሐኪሙ «በሽታው ይህ ነው» ብሎ ከፈረመም ሌላ ነው። ወረቀቱ ተናግሮ ሐኪሙ ገና እያጣራ ከሆነ የወረቀቱን እንጽፋለን።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር። ኮዶቹን በግዕዝ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ሲስተሙ ላይ ግን የምታስገቡት የላቲኑን ፊደል ነው። ኢ ስል አምስተኛውን የላቲን ፊደል ማለቴ ነው፤ «አይ» እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛ፣ እዚህ የማወራው ስለ አይሲዲ-10-ሲኤም ነው፤ የዓለም አቀፉ የበሽታዎች ኮድ መጽሐፍ የአሜሪካኖቹ ቅጂ ማለት ነው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሆስፒታል መዝገብ ክፍል የምትሠሩ፣ ለዲኤችአይኤስ-2 (የጤና መረጃ ሥርዓቱ) ሪፖርት የምትጠቀሙት የአገራችንን የበሽታዎች ዝርዝር ስለሆነ እነዚህን ቁጥሮች ወደዚያ አትውሰዷቸው።

ወረቀቱ ለምን ይጮኻል?

ልጁ በተወለደ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ተረከዙ ይወጋና ጥቂት የደም ጠብታ ወፍራም ወረቀት ላይ ባሉ ክቦች ላይ ይንጠባጠባል። ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ዘዴውን በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያስለመደው አሜሪካዊው ሮበርት ጉትሪ ነው፤ ያኔ ለሌላ በሽታ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ዣን ዱሶ በዚያው የደረቀ ደም የታይሮይድ ሆርሞንን መለካት አሳየ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንድ ወረቀት ከ30 በላይ በሽታዎችን ይለያል።

እኛ አገር ይህ ልየታ በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም። ለዚህ ነው ተማሪዎቼ ወረቀቱን እንደ ላቦራቶሪ የመጨረሻ ቃል የሚያዩት። አይደለም። ልየታ ሰፊ መረብ ነው፤ የታመመ እንዳያመልጠው ጤነኛውንም አብሮ ይይዛል፤ ሆን ተብሎም እንዲያ ነው የተሠራው።

ምሳሌ ልስጥ። ሕፃን ከሞቀው ማሕፀን ወጥቶ ብርዱን ሲያገኘው ቲኤስኤች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። እናቲቱ ቶሎ ከሆስፒታል ትወጣለች ተብሎ ደሙ ከ24 ሰዓት በፊት ከተወሰደ ወረቀቱ ጤነኛውን ልጅ ታማሚ ያስመስለዋል። ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢውም እንዲሁ ነው። እዚያ የሚለካው 17-ኦኤችፒ የሚባል የዕጢው ሆርሞን መሥሪያ ንጥረ ነገር ነው፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና በሌላ ሕመም የተጨነቁ ሕፃናት ላይ ዕጢው ደህና ሆኖም ከፍ ይላል።

በሽታዎቹ ግን እውነተኛ ናቸው። ከልደት የሚመጣው የታይሮይድ እጥረት ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱን ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መድኃኒት ካልተጀመረ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። የአድሬናሉ በሽታ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከ15,000 ገደማ አንድ። የባሰው ዓይነት ጨው ያስወጣል፤ በሁለተኛና በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኑን በድንገት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ክሊኒኮቹ ወረቀቱ ሲጮኽ ስልክ ይመታሉ፣ እናቲቱን ይጠራሉ፣ ደም ይደግማሉ። ያ ጉብኝት ነው እኛ ጋ ቻርት ሆኖ የሚመጣው።

ፒ09.2 እና ኢ03.1፦ ዋናው ምርጫ

ፒ09.2 ማለት «በጨቅላ ሕፃን ልየታ ላይ ከልደት የሚመጣ የሆርሞን ዕጢ በሽታን የሚጠቁም ከመደበኛው ውጭ የሆነ ውጤት» ነው። ታይሮይዱም አድሬናሉም በስሙ ሥር ተጠቅሰዋል። በሽታ አለ አይልም፤ ምልክት ታየ ነው የሚለው።

ኢ03.1 ደግሞ «እንቅርት የሌለበት ከልደት የመጣ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት» ነው። ሐኪሙ እንቅርት ይኑር አይኑር ሳይገልጽ እንዲሁ «ከልደት የመጣ እጥረት» ካለም ኮዱ ይኸው ነው። ይህ ዳያግኖሲስ ነው፤ ፋይሉ ላይ ከልጁ ጋር ያድጋል።

የተመላላሽ ታካሚ ደንቡ ግልጽ ነው። «ሊሆን ይችላል»፣ «ይጠረጠራል»፣ «ይጣራ» የተባለ በሽታ እንዳለ ተቆጥሮ አይጻፍም። የሚጻፈው በዚያ ቀን የታወቀው ነው። የተማሪዬ ቻርት «ሊሆን ይችላል» ስለሚል ፒ09.2 ነው። አለቀ።

እኔ ራሴ በመጀመሪያ ዓመቴ ተሳስቼበታለሁ። የ5 ቀን ሕፃን፣ ያው ቲኤስኤች፣ ያው «ሊሆን ይችላል»። ኢ03.1 ብዬ ላክሁ። ክሌሙ (ለኢንሹራንሱ የላክነው የክፍያ ጥያቄ) ተከፈለ። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ስህተት ሲከፈል ማንም ዞር ብሎ አያይም። የደም ሥሩ ምርመራ ጤናማ ሆኖ ወጣ፣ ልጁ ደህና ነው፣ ግን ኢንሹራንሱ ጋ ያለው ፋይል ዕድሜ ልክ የሚታከም በሽታ ተሸክሞ ቀረ። ከወራት በኋላ የውስጥ ኦዲት ሲያየው የተስተካከለ ክሌም ላክን። ያስተማረኝ ሰው የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

«ፒ09.2 ብንጽፍ ኢንሹራንሱ ለድጋሚ ምርመራው አይከፍልም» የሚሉ አሉ። የምርመራዎቹን ኮዶች እዩዋቸው። ለቲኤስኤች 84443፣ ለነፃ ቲ-4 (የታይሮይዱ ሆርሞን) 84439፣ ለ17-ኦኤችፒ 83498። የደሙን መደገም ምክንያት ከፒ09.2 በላይ የሚያስረዳ የለም፦ ልየታው ከመደበኛው ውጭ ሆኖ ተገኘ፣ እያጣራን ነው። በሽታውን ቀድሞ መጻፍ ለክፍያው የሚጨምረው ነገር የለም።

ፒ09.2 የሚወርደው ሐኪሙ በሽታውን አረጋግጦ ሲፈርም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢ03.1 ቦታውን ይይዛል፤ ፒ09.2ን አብሮ መጎተት አያስፈልግም። ምልክቱ የበሽታው አካል ሆኗልና።

ፒ09.2 ከወንድሞቹ ጋር

የጨቅላ ልየታ ብዙ በሽታ ስለሚፈልግ የፒ09 ቤተሰብም ብዙ ነው። ፒ09.1 ለሜታቦሊዝም፣ ፒ09.3 ለደም፣ ፒ09.4 ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ፒ09.5 ለልብ፣ ፒ09.6 ለመስማት። ጀማሪ የሚሳሳተው ፒ09.1 እና ፒ09.2 ላይ ነው። የአድሬናሉ በሽታ የኤንዛይም ጉድለት ነው፤ ተማሪው ኤንዛይም ሲያይ «ሜታቦሊዝም!» ብሎ ይሮጣል። አይደለም። ዕጢውን ተከተሉ፤ አድሬናል የሆርሞን ዕጢ ነው፣ ስለዚህ ፒ09.2። ጋላክቶሲሚያ (ሰውነት የወተት ስኳርን መጠቀም የማይችልበት በሽታ) ቢሆን ፒ09.1 በሆነ ነበር።

ፒ09.9 «ያልተገለጸ» ነው። ቻርቱ ላይ «ልየታው ችግር አለው» ብቻ ተጽፎ ሌላ ምንም ከሌለ ይሠራል። የላቦራቶሪው ወረቀት እዚያው ተያይዞ እያለ ፒ09.9 የሚጽፍ ሰው ግን ሰነፍ ነው፤ ደግ ቃል አጣሁለት። ሐኪሙን በኩዌሪ ይጠይቅ።

እንቅርት ያለበት ከሆነ

አያቴ አንገቷን ተነቅሳ ነበር። ለቁንጅና መስሎኝ ኖሬ፣ ለእንቅርት ነው አለችኝ አንድ ቀን። በእኛ ደጋ እንቅርት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልመጣም። አዮዲን ያለው ጨው በደንብ የተደነገገው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ የእኛ ልጆች ኮዱን ሲያዩ እንቅርት የምትለዋን ቃል ከማንም ፈጥነው ያነቧታል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ይመጣል።

ኢ03.0 እንቅርት ያለበት ከልደት የመጣ እጥረት ነው። ሐኪሙ ሕፃኑ አንገት ላይ እንቅርት አይቶ መጻፍ አለበት፤ እናንተ ከላቦራቶሪ ቁጥር አትገምቱም። መንስኤው የአዮዲን እጥረት ነው ብሎ ከጻፈ ግን ኢ03 በጠቅላላ ይዘጋል፤ ወደ ኢ00 ትሄዳላችሁ፣ ከልደት የመጣ የአዮዲን እጥረት ወደሚለው። ሁለቱን አብራችሁ እንዳትጽፉ። ሕፃኑ እንቅርት ኖሮት ዕጢው ደህና የሚሠራ ከሆነና የሚጠፋ ከተባለ ደግሞ ፒ72.0 ነው። አንድ አንገት፣ ሦስት ኮድ። የሚወስነው ሐኪሙ የጻፈው ምክንያት ነው።

ጊዜያዊ ከሆነስ?

እኔን በግሌ በጣም የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ፒ72.2 «ሌላ ጊዜያዊ የጨቅላ ሕፃን የታይሮይድ መዛባት» ነው። እናቲቱ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚቀንስ መድኃኒት ስትወስድ ቆይታ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ያለ ጊዜው ተወልዶ ሊሆን ይችላል። እጥረቱ አለ፣ ምርመራው አረጋግጧል፣ ግን ያልፋል።

ፒ72 እና ኢ03 በመጽሐፉ ውስጥ አይዋደዱም፤ አንዱ ካለ ሌላው የለም። ታዲያ ሐኪሙ ገና በሁለተኛው ሳምንት «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» ሊል ይችላል? ብዙ ጊዜ አይችልም። መድኃኒቱን ይጀምራል፣ ልጁ 3 ዓመት ገደማ ሲሞላው ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ያየዋል። እስከዚያ ቻርቱ ላይ የሚጽፈው «ከልደት የመጣ እጥረት» ከሆነ ኢ03.1 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዕጢው ሠራ ቢባል እንኳ የድሮዎቹን ክሌሞች ወደ ኋላ ሄዳችሁ አትቀይሩም። ያን ቀን ሐኪሙ የሚያውቀው ያ ነበር። የኔ የመጀመሪያ ዓመት ስህተት ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ሐኪሙ ያላለውን ነው እኔ ያልኩት።

«ጊዜያዊ» የሚል ቃል ቻርቱ ላይ ከሌለ ፒ72.2ን አትንኩ።

አድሬናሉ

የተረጋገጠው በሽታ፣ ከልደት የሚመጣው የአድሬናል ኤንዛይም ጉድለት፣ ኢ25.0 ነው፤ ጨው የሚያስወጣውም በዚሁ ሥር ነው። እስኪረጋገጥ ፒ09.2። እስከዚህ ከታይሮይዱ ጋር አንድ ነው።

የሚለየው ልጁ ታምሞ ሲመጣ ነው። የ12 ቀን ሕፃን አስመለሰው፣ ጡት እምቢ አለ፣ ደሙ ውስጥ ሶዲየም ወርዶ ፖታሲየም ወጥቷል እንበል። ኮደሩ ሶዲየም ሲያይ እጁ ለአዋቂ ወደለመደው ኢ87.1 ይሄዳል። ልጁ ግን ገና 28 ቀን አልሞላውም። ለጨቅላ የተለዩ ኮዶች አሉ፦ ለሶዲየም መውረድ ፒ74.22፣ ለፖታሲየም መውጣት ፒ74.31፣ ለፈሳሽ ማነስ ፒ74.1። በሽታው ገና ካልተረጋገጠ እነዚህ ከፒ09.2 ጋር አብረው ይሄዳሉ። ታሪኩን በደንብ ይናገራሉ፤ ይህ ልጅ ለምን ድንገተኛ ክፍል እንደገባ ማንም ያነበበ ይገባዋል።

ዜድ ኮዶች፦ ወረቀቱ ዝም ሲል

ዜድ05.89 ከፒ09.2 ጋር ሲምታታ አያለሁ። ልዩነቱ ቀላል ነው። ዜድ05 ጤነኛ ለሚመስል፣ ምልክት ለሌለው፣ ግን በሌላ ምክንያት ለተጠረጠረና ተመርምሮ ነፃ ለወጣ ጨቅላ ነው። እናቲቱ የታይሮይድ ታማሚ ናት፣ ሐኪሙም ለጥንቃቄ መርምሮ «የለበትም» አለ። የልየታ ወረቀቱ ጮኾ የመጣ ልጅ ግን የመጣበት ምክንያት ወረቀቱ ነው፤ ፒ09.2።

ደሙ ስላልበቃ ወይም ወረቀቱ ስለተበላሸ «ይደገም» የተባለ ደግሞ ከመደበኛ ውጭ የሆነ ውጤት የለውም፤ ገና ውጤት የለም። ያ ልየታው አልተጠናቀቀም ማለት ነው። ፒ09.2 አይሆንም፤ ዜድ13.29 ዓይነት የልየታ ኮድ ነው የሚሄድለት። ይህን ልብ ያላለ ሰው ጤነኛ ልጅን በነርሷ እጅ መንቀጥቀጥ ያሳምማል።

ሆስፒታል ውስጥ በተለመደው መንገድ ለሚወሰደው የመጀመሪያ ደም የተለየ የልየታ ኮድ አያስፈልግም። የልደት መዝገቡ ላይ ዜድ38 ይቀድማል፤ እሱም አንዴ ብቻ፣ በተወለደበት ቆይታ። ልጁ ሳይወጣ ውጤቱ ከደረሰና ሐኪሙ ከቁም ነገር ቆጥሮ ከጻፈው ፒ09.2 ሁለተኛ ይሆናል።

ተኝቶ ለሚታከም ያለው ደንብም የተለየ ነው። ሐኪሙ በመውጫ ማጠቃለያው ላይ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ከተወው፣ አጣዳፊ ሕክምና በሚሰጥ ሆስፒታል በሽታው እንዳለ ተቆጥሮ ይጻፋል። ከላይ ያልኩት ክልከላ የተመላላሹ ነው። ቻርት ስትከፍቱ መጀመሪያ ልጁ ተኝቶ ነበር ወይስ መጥቶ ሄደ የሚለውን እዩ።

አር94.6

ይህ «ከመደበኛው ውጭ የሆነ የታይሮይድ ምርመራ ውጤት» ነው። ከጨቅላነት ላለፉት ነው። የ4 ወር ሕፃን ሆዱ ደርቆ፣ እንቅልፍ አብዝቶ መጣ፣ ሐኪሙ ታይሮይዱን አስመረመረ፣ ከፍ አለ። ይህ ልየታ አይደለም፤ ምክንያት ኖሮ የታዘዘ ምርመራ ነው። አር94.6 ትክክል ነው። በልየታ ወረቀት ለመጣ ጨቅላ ግን ፒ09.2 እያለ አር94.6 መጻፍ ቤት እያለ በረንዳ ላይ ማደር ነው።

መጽሐፉ የሚለወጥበት ቀን

አይሲዲ-10-ሲኤም በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳል። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ነው፤ ግሸን ማርያም። ወደ ግሸን የሚሄዱ አውቶብሶች በከተማችን አልፈው ወደ ጣርማ በር ሲወጡ እኔ መጽሐፍ እቀይራለሁ፤ በዚህ አልረሳውም።

ፒ09.2 ራሱ የተወለደው በዚያ ቀን ነው፣ መስከረም 21 ቀን 2014 ዓ.ም.፤ በነሱ ኦክቶበር 1፣ 2021። ከዚያ በፊት ፒ09 ነጥብ የሌለው አንድ ኮድ ነበር፤ ታይሮይዱም ልቡም ጆሮውም አብሮ የሚታጨቅበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነጥብ የሌለው ፒ09 አይሠራም፤ ሲስተሙ ወዲያው ይመልሰዋል። ዘንድሮም አንድ ተማሪ አሮጌ ፒዲኤፍ ይዞ መጥቶ ፒ09 ብቻውን ሲጽፍ አየሁት። ፋይሉን አስከፍቼ የሽፋኑን ዓመት እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። 2019 አለኝ።